ፍንክች ያላለው ሠላሳ ስድስት

ቶኩማ ከተክለ ሃይማኖት መለዋወጫ ገዝቶ ሲመለስ፣ ገና በሩ ላይ እንዳለ፣ «ናዚ፣ ታርጌቱን ቀይረሽዋል አይደል?» አለኝ።

«የምኑን?»

«የማሞቂያውን ነዋ! ቺፑን ቀይሬዋለሁ እኮ። ትናንት ቀይ አድርጌበት ነው የወጣሁት።»

ልደታ ኮንዶሚኒየም ሥር ባለችው ጠባብ ወርክሾፓችን አንድ ደንብ አለን። የዕቃውን ሥራ የሚያዘው ቺፕ ከገበያ ጠፍቶ በሌላ ከተተካ፣ የተካው ሰው አዲሱ ቺፕ አናት ላይ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ ያደርጋል። ቀይ ካየሁ ፕሮግራሙን ለአዲሱ ቺፕ አዘጋጃለሁ፤ ካላየሁ ለድሮው። ማንም ማንንም አይጨቀጭቅም። እኔ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ፕሮግራሙን ስጭን ቀይ የሚባል ነገር አላየሁም። እናቴ ትሙት፣ አላየሁም!

የወርክሾፑ ባለቤት ጋሼ ገብረጊዮርጊስ ጥግ ላይ ተቀምጠው በፈገግታ ያዩናል። ልጃቸው ያለ ጊዜዋ ወልዳ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ተኝታለች። የክሊኒኩ የሕፃናት ማሞቂያ ተበላሽቶ የጠገንነው እኛ ነን፤ ረፋዱ ላይ ጋሼ ራሳቸው ወስደው አስረክበዋል። አሁን የልጅ ልጃቸው ውስጡ ናት።

«ጋሼ፣ ቺፑ ያለበትን ቦርድ ነክተውት ነበር?»

«አጸዳሁት እንጂ! ትናንት ስትወጡ አየሁት፤ የሆነ ቀለም ነገር ተለቅልቆበት። በአልኮል ጠረግኩት። ለሰው የሚሰጥ ዕቃ እንደዚያ ተዝረክርኮ ይሄዳል?»

ቀዩ ምልክት እንግዲህ እንዲያ ነው የጠፋው። ፕሮግራሙን የምጽፈው በእኔ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የሚሠራው ግን እዚያች ጥቁር ቺፕ ላይ ነው። ስለዚህ የጻፍኩትን ወደ ቺፑ ቋንቋ ለሚተረጉመው ለኮምፓይለሩ ለየትኛው ቺፕ እንደሚያዘጋጅ አስቀድሜ መንገር አለብኝ፤ ታርጌት የምንለው ይህንን ነው። የድሮው ቺፕ እንደ ሠላሳ ስድስት ነጥብ ሁለት ዓይነት ነጥብ ያለው ቁጥር ራሱ ያሰላል። ምትኩ መልኩ ቁርጥ እሱን ነው፣ ነጥብ ያለው ስሌት ግን አያውቅም። ለድሮው የተዘጋጀ ትእዛዝ ሲደርሰው ባለበት ደርቆ ይቀራል። እዚህ ስንሞክረው ደህና ነበር፤ ያ ስሌት የሚጀምረው ሙቀቱ ወደ ልኩ ሲጠጋ ነው፣ እኛ ደግሞ በጥድፊያ እስከዚያ አልጠበቅንም። ቺፑ ሲደርቅ ማሞቂያው እንደበራ ይቀራል። የማስጠንቀቂያው ጩኸትም የሚታዘዘው ከዚያው ቺፕ ነው።

«ጋሼ፣ የክሊኒኩ ነርስ ጋ ይደውሉ። አሁን!»

ፊቴን አይተው ደወሉ። ጠራ፣ ጠራ፣ ተዘጋ። ሲደግሙት ስልኩን ቀማኋቸውና ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግኩት። በመጨረሻ ነርሷ፣ ሲስተር ሚስራ፣ አነሳች።

«አቤት ጋሼ! ማሞቂያው ግሩም ሆኗል፣ እጃችሁ ይባረክ!»

«ስንት ላይ ነው ሲስተር? ስክሪኑ ስንት ይላል?» አልኳት።

«ሠላሳ ስድስት። ከቅድም ጀምሮ ፍንክች አላለም!»

ሌላ ቀን ቢሆን ደረቴን እነፋ ነበር። ጤነኛ ማሽን ትንሽ ከፍ፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። ፍንክች የማይለው የደረቀ ነው፤ ቁጥሩ ቆሞ ሙቀቱ ይጨምራል።

«አውጪያት! ሕፃኗን አሁኑኑ አውጪያት፣ ሶኬቱን ንቀይው!»

ስልኩ የሆነ ነገር ላይ ሲወድቅ ተሰማ። ሩጫ። ክዳን ሲከፈት። ከሩቅ «ወይኔ፣ እሳት ሆናለች!» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ምንም። ቶኩማ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም፤ ጋሼን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሳቸው አንገታቸውን ወደ ስልኩ አስግገው፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ያዳምጣሉ።

ከዚያ ሕፃኗ አለቀሰች። ቀጭን፣ የተናደደ ለቅሶ ነበር። ሲስተር ሚስራ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ የኔ እናት» እያለች ልታባብላት ጀመረች።

«ተይ ልጄ፣ አታባብያት» አሏት ጋሼ። «እባክሽ፣ ትንሽ ታልቅስ።»