የዓባይነህ እግሮች

እኔ ይኸነው፣ ዕድሜ ልኬን ከግንድ ሥር የኖርሁ ሰው ነኝ። ግንዱን ባላ ላይ እንሰቅላለን፤ ጓደኛዬ ዓባይነህ ከላይ ይቆማል፣ እኔ ታች እቆማለሁ፣ ረጅሙን መጋዝ እየተቀባበልን ጣውላ እንሰነጥቃለን። ሰጋቱራው በማን ዓይን ላይ እንደሚወርድ መቼም አትጠይቁኝም። እኔ ስሳደብ እሱ ከላይ ይስቃል። ፊቱን የማየው ለምሳ ስንቀመጥ ብቻ ነበር፤ እግሮቹን ግን ከገዛ እግሬ በላይ አውቃቸዋለሁ።

ከዚያ ሴት ልጁ የምሥራች ወደ እንጅባራ ወሰደችው። "አባዬ ደከመ፣ በቃ ይረፍ" አለች። ይረፍ! እኔስ? አንድ እጅ አያጨበጭብም፤ የሁለት ሰው መጋዝማ ጭራሽ። ግድግዳ ላይ ሰቅዬው ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ዝም ብዬ አየዋለሁ። ሰው ሚስቱ ትናፍቀዋለች፤ እኔን የናፈቀኝ ያ ጨቅጫቃ ሽማግሌ ነው፣ ምን አባቴ ላድርግ!

ዘንድሮ የከተማችን የአዲስ ቅዳም ባለሱቅ ሀጀር ግቢዋ ውስጥ ያለው ዋንዛ ወደቀባት። ለሱቋ መደርደሪያ ፈለገችውና "ጋሼ ይኸነው፣ እናንተ ትሰነጥቁታላችሁ ወይስ የሞተር መጋዝ ላለው ልጅ ልስጠው?" አለችኝ።

"ኧረ እንሰነጥቀዋለን!" አልሁና በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ገሰገስሁ።

ዓባይነህ በረንዳ ላይ ቆዳ ጫማ ተጫምቶ ተቀምጧል። እንዳየኝ "መጋዙን ሞርደኸዋል?" አለ። ሰላምታ እንኳ የለም! አቅፌው አለቀስሁ፤ እሱም አለቀሰ፤ ከዚያ ስላለቀስን ተሰዳደብን።

በማግስቱ ሀጀር ግቢ ውስጥ ዓባይነህ ጫማውን አውልቆ ግንዱ ላይ ወጣ። እሱ ወደ ላይ ሳበ፣ እኔ ወደ ታች። ያ ድምፅ! ሰጋቱራው ዓይኔ ውስጥ ሲገባ ደስ አለኝ፤ እብድ በሉኝ።

ቀና ስል ግን እግሮቹን አየኋቸው። ቁርጭምጭሚቱ አብጧል፣ ጉልበቱ ይብረከረካል፣ የግራ ተረከዙ ከግንዱ ጠርዝ እየሾለከ ይመለሳል።

"ሳብ እንጂ፣ ተኛህ?" ይላል ከላይ። ድምፁ የድሮው ነው። ወድቆ ይሞታል እንጂ ልውረድ አይልም። እኔ ውረድ ብለው ደግሞ በሀጀር ፊት ሐፍረቱ ይገድለዋል።

ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘሁትን መጋዝ ለቀቅሁት።

"ወገቤን! ወይኔ ወገቤን! ዓባይነህ፣ አልቻልሁም፣ እንተወው" ብዬ መሬት ላይ ዘፍ አልሁ።

እየተንፏቀቀ ወረደ። "ድሮም ልፍስፍስ ነህ" አለኝ። ለሀጀርም "እኔስ እችል ነበር፤ ይኼ ነው ያዋረደኝ" አላት። እሷ አንዴ የእሱን እግር፣ አንዴ እኔን አየችና የሞተር መጋዝ ላለው ልጅ ደወለች።

ሞተሩ እየጮኸ ዋንዛውን ሲቆራርጠው እኛ አጥሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዓባይነህ ጫማውን ሊያጠልቅ ታገለ፤ እግሩ አልገባ አለው። ላግዘው ጎንበስ አልሁ።

"ወገብህን!" አለኝ ቀስ ብሎ።

ለካ አውቆብኛል። ቀና ብዬ ፊቱን ማየት አቃተኝ። እግሮቹን እንደያዝሁ ቀረሁ።