የግድቡ ጆሮ

ከትንሿ ግድብ ሥር ያለውን የተርባይን ቤት የሚጠብቀውን ሰው መንደርተኛው «ጆሮ» ይለዋል። ሰው ሲያወራው እንኳ አንገቱን ወደ ማሽኑ ያዘነብላል። ቢያዘነብል አይፈረድበትም፤ ፍጥነቱን በራሱ የሚያስተካክለው መሣሪያ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው። ድምፁ ሲቀጥን የውሃውን መዝጊያ በመሪው ሩብ ዙር ይዘጋል፣ ሲወፍር ይከፍታል። ያኔ ቢናገር አንተ ነህ ያበላሸኸው የሚሉት መስሎት፣ መዝገቡ ላይ በየቀኑ «ደህና» እያለ ሲጽፍ ኖረ።

ሚስቱ ልጃቸውን ለማስተማር ከተማ ከገባች ዓመት አልፏታል። ትምህርት ሲከፈት ካልመጣህ ከዚያ ወዲያ አትልፋ ብላዋለች። ኃላፊው ደግሞ ተተኪ ልኮለት፣ በሳምንት አሠልጥነውና ሂድ አለው።

ተተኪው ጨዋ ልጅ ነው፤ ዓይኑን ከቆጣሪው መርፌ አይነቅልም። ችግሩ መርፌው ዘገምተኛ ነው፤ እሱ እስኪናገር የመንደሩ መብራት ቦግ እልም ብሎ ያበቃል። ባለወፍጮው ደውሎ፣ ይሄ ሰውዬ ወፍጮዬን እስክስታ አስመታት፣ ጆሮ የት ገባ ብሎ ጮኸ። በአምስተኛው ቀን የጤና ጣቢያው ማቀዝቀዣ ተቃጠለ።

በሰባተኛው ቀን ኃላፊው መጥቶ ተተኪውን ሊያባርር ሲነሳ፣ ጆሮ አላስቻለውም።

«ጋሼ፣ ልጁን ተዉት። መሣሪያው ከተበላሸ አራት ዓመቱ ነው። የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ ከፈለጉ እኔን ያባሩኝ።»

ይህን ሲል ሸክም የወረደለት መሰለው። ቢባረርም ያው መንገዱ ወደ ከተማ ነው።

ኃላፊው መሣሪያውን ከፍቶ አየና ሳቀ። ዕቃው ከገበያ ከጠፋ ቆይቷል፤ ተፈልጎ እስኪገኝ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል አለ።

«አንተን የሚያባርር ምን ዓይነት ሞኝ ነው? እስከዚያ መሣሪያው አንተ ነህ።»

ተተኪውን በመኪናው ጭኖ ይዞት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሚስቱ በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጣ ልትጠይቅ ደወለች። ስልኩን በትከሻው ደግፎ፣ ሁለት እጁን መሪው ላይ እንዳደረገ፣ የሆነውን አንድ በአንድ ነገራት። አልተቆጣችም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

«ልጅቷ መናኸሪያ እንሂድ እያለች ጫማዋን አድርጋ ቆማለች» አለችው። «አውልቂው ልበላት?»

ማሽኑ ቀጠነ። ጆሮ መሪውን ሩብ ዙር አዞረና፣ ድምፁ እስኪስተካከል ጠብቆ፣ «አዎ» አለ።