አስራ ስምንት ደቂቃ የቀረው ማሽን

"ደግሞ እዚያው ላይ ቆመ!" ብላ ሚስቱ ከወጥ ቤት ስትጮህ ባለሊፍቱ ገና ከሥራ መግባቱ ነበር። ከነጫማው ሄዶ ወለሉ ላይ በሆዱ ተኛና የእጅ ባትሪውን ወደ ዕቃ ማጠቢያው ማሽን ውስጥ አበራ። በማሽኑ ግንባር ላይ ያለችው ቀይ ቁጥር ከትናንቷም ከትናንት በስቲያዋም አልተለየችም። አስራ ስምንት ደቂቃ ይቀረኛል ትላለች።

ሰውየው ሊፍት ጠጋኝ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየፎቁ መሃል የተቀረቀሩ ሰዎችን ሲያወጣ ኖሯል። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ "ዶክተር" ነው የሚሉት፤ እሱም ስሙን አይጠላውም። ዘጠኝ ፎቅ የሚወጣ ብረት ያስገበረ ሰው በሳህን አጣቢ ሣጥን ሲሸነፍ ምን ይባላል? ይህ ነገር እንቅልፍ ነስቶታል።

"ማጣሪያውን አጽድቼዋለሁ" አለ ከወለሉ ሳይነሳ። "የፍሳሽ ቱቦውንም ፈትቼ አይቼዋለሁ። ለመሆኑ ዕቃውን አጥቦታል?"

"ማጠቡንማ አጥቧል። ብርጭቆዎቹን እያቸው፣ ፊት ያሳያሉ።"

"አየሽ፣ መጨረስ አቃተው እንጂ ሌላ ችግር የለበትም።"

"እንደ አንተ ነዋ! የመኝታ ቤቱን ግድግዳ ግማሹን ቀብተህ ከተውከው ስንት ጊዜህ ነው?"

ባለሊፍቱ ወሬውን ወደ ማሽኑ መለሰው። "እሑድ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ስጠብቀው ግን ጨርሷል። እኔን ይፈራኛል።"

"እንግዲያው ሥራህን ልቀቅና እዚያው ተቀመጥለት። አለበለዚያ ሰኞ የገዛንበትን ሱቅ ባለሙያ እጠራለሁ።"

ደሙ ፈላ። የሱቁ ባለሙያ መጥቶ በአምስት ደቂቃ ቢያስተካክለው ሚስቱ ለእህቶቿ ትናገራለች። እህቶቿ ከሰሙ ደግሞ የማይሰማ አይኖርም።

አማቱ ጥግ ላይ ካለው ወንበር እጃቸውን አጣምረው ያዳምጣሉ። አብረዋቸው መኖር ከጀመሩ ሦስት ዓመታቸው ነው። ማሽኑ የተገዛውም ለሳቸው ነበር፤ ቀዝቃዛው ውኃ ጣቶቻቸውን ሲቆረጥማቸው ልጃቸው አይታ አላስችል ስላላት።

"አርጅቶ ይሆናል፣ ልጄ" አሉ።

"ወር አልሞላውም እኮ፣ እማማ!"

"እንግዲህ እኔ ምን አውቃለሁ" አሉና ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ጀመሩ።

ቅዳሜ ጠዋት ባለሊፍቱ "ፓምፑ ነው! ሌላ ሊሆን አይችልም" ብሎ ፈረደ። ማሽኑን ለመጨረሻ ጊዜ ይሞክር ብሎ አስነሣውና አዲስ ፓምፕ ሊገዛ ወጣ። ሚስቱም ልብስ ልታሰጣ ወደ ሕንፃው ሰገነት ወጣች። ሱቁ ደጃፍ ከደረሰ በኋላ ግን የማሽኑን ፓምፕ የሞዴል ቁጥር አለመያዙ ትዝ አለው። ራሱን እየሰደበ ተመለሰ።

ኮሪደሩ ላይ እንዳለ ማሽኑ የቆሸሸውን ውኃ ደፍቶ ጸጥ አለ። ሊለቀልቅ ሲል ትንሽ ያርፋል። በዚያች ጸጥታ፣ እሱ በወጥ ቤቱ በር በኩል እያያቸው፣ አማቱ ከወንበራቸው ተነሡ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ የማሽኑን በር ከፈቱ። ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ እያወጡ፣ ቧንቧውን ድምፅ እንዳያሰማ ቀጠን አድርገው ከፍተው፣ በስፖንጅ ፈተጓቸው። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና መልሰው ደረደሩ። በሩንም የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ እንደሚሠጋ ሰው ቀስ ብለው ዘጉት።

ባለሊፍቱ ሁሉም ነገር ባንዴ ገባው። በሩ አንዴ ከተከፈተ ማስነሻውን እንደገና ካልተጫኑት ማሽኑ አይቀጥልም፤ ይህን ደግሞ ለአማቱ የነገራቸው የለም። ሁልጊዜ አስራ ስምንት ላይ የሚቆመውም ጸጥ የሚለው እዚያ ላይ ስለሆነ ነው። እሑድ የጨረሰው ማሽኑ እሱን ፈርቶ አልነበረም። የፈሩት አማቱ ናቸው።

"እማማ!"

ስፖንጁ ከእጃቸው ወደቀ። "ክው አደረግከኝ! እኔ እኮ ዝም ሲል የጨረሰ መስሎኝ ነው።"

"ከጨረሰ ታዲያ ብርጭቆዎቹን ለምን ያጥባሉ?"

ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡና እርጥብ እጃቸውን በቀሚሳቸው አበሱ።

"ይህ ነገር ከገባ ወዲህ ቀኑን ሙሉ እንደ እንግዳ ቁጭ ነው። ቁርስ ይቀርብልኛል፣ ምሳ ይቀርብልኛል፣ 'እማዬ አትነሺ' እባላለሁ። እንግዳስ ሲሰለቸው ቤቱ ይሄዳል፤ እኔ የት ልሂድ? እጄን ቢያመኝ ይሻለኛል። አደራህን ለልጄ እንዳትነግራት፤ ለእኔ ብላ ነው የገዛችው።"

አንጀቱን በሉት። ሳምንት ሙሉ ማሽኑን ሲፈታና ሲገጥም፣ አጠገቡ የተቀመጡትን ሴት አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አለማየቱ አሳፈረው።

ሚስቱ ባዶ ቅርጫት ይዛ ገባች። "እህስ? ፓምፑ ነው?"

ባለሊፍቱ አማቱን አየ። ማሽኑን አየ።

"አቃተኝ" አለ።

"ምን አልክ?"

"አቃተኝ አልኩሽ። የሱቁንም ሰውዬ አትጥሪው፤ እሱም አያድነውም። ሳህንና ድስቱን ይጠብ፣ ብርጭቆ ግን አይሆንለትም። ብርጭቆውን እማማ ይጠቡልን፣ ፈቃዳቸው ከሆነ።"

"በዚያ በረዶ ውኃ?"

"ለቧንቧው ማሞቂያ ዛሬውኑ እገጥማለሁ።"

"እንግዲህ ምን ይደረጋል" አሉ አማቱ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ "እናንተ ካቃታችሁ።"

ሚስቱ ግድግዳ ተደግፋ እስኪያማት ሳቀችበት። ባለሊፍቱ ግን ሜትሩን ከቦርሳው አውጥቶ ማሞቂያው የሚሰቀልበትን ቦታ መለካት ጀመረ።