እንከን የሌለው ጊታር

ስልኩ ሲጠራ ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛ ነበር። ተንበርክካ የአንዲት ወፍራም ደንበኛን የቀሚስ ጫፍ በስፒል ትይዛለች። ባሏ ከበሩ አጠገብ ካለው ወንበር ተነስቶ ስልኩን አነሳ። ትንሽ አዳመጠና ፊቱ ተለወጠ።

«የት አገኘኸው?» አለ።

የደወለው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ አውቶቡስ ይነዳል። በየሄደበት ከተማ አሮጌ ጊታር እንዲፈልግለት ባልየው ከነገረው ዓመታት አልፈዋል።

ባልየውን ሰፈሩ ማር ጣት ይለዋል። ድሮ በሆቴል ባንድ ጊታር ሲመታ ያወጡለት ስም ነው። ያኔ ሙገሳ ነበር፤ አሁን የሚጠራው ሁሉ ከንፈሩ ላይ ሳቅ አለ። ጊታር መምታት ካቆመ ቆይቷል። የራሱን ሸጦ ሌላ ገዛ፤ አንገቱ ጠማማ ነው ብሎ መለሰው። ሌላ ገዛ፤ ክሩ ይንጣጣል ብሎ ሸጠው። ከዚያ ወዲህ ለመጣው ሁሉ አንድ እንከን አያጣለትም። እንደ ድሮዬ ያለ ካገኘሁ ወደ ባንዱ እመለሳለሁ ይላል። የባንዱ መሪም ቦታህ አለ ይለዋል።

ሰው መቼ ነው የምትመለሰው ብሎ ሲጠይቀው ግን ስለ ጊታሩ ብቻ አያወራም። አንገቱን ደፍቶ «እንግዲህ የቤቴን ነገር ታውቃላችሁ» ይላል። ሰውም ያውቃል። ሚስቱ ቋጣሪ ናት፣ ደህና ጊታር እንዳይገዛ ይዛዋለች፣ ሰውየውን በቁሙ ቀበረችው። ይህን በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰምቻለሁ፤ ፀጉር ቤትም ሰምቻለሁ። እሷም ትሰማለች።

እኔ በዚያ ክፍል ጥግ ላይ ካውያ ይዤ እቆማለሁ። እሷ የሰፋችውን እተኩሳለሁ።

«ላውድ አድርገው» አለች ስፒሉን በጥርሷ እንደያዘች። «ሁላችንም እንስማ።»

ላውድ አደረገውና ስልኩን የመቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ፣ ትሰማኛለህ?» አለ ሾፌሩ። «የሞተ ሰው ቤት ነኝ። ልጆቹ ዕቃውን እየሸጡ ነው። ጊታሩ የድሮው ያንተ ዓይነት ነው። ያው እንደ አንተው አርጅቷል።»

ደንበኛዋ ሳቀች። ስፒል ወጋት።

«ቁሚ አልኩሽ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ፎቶ ላክልኝ» አለ ማር ጣት።

«በዚህ ስልክ? ካሜራው ከተሰበረ ቆየ። የምልክልህ ጊታር ይሁን ድስት አትለየውም። ይልቅ ቶሎ በል። ተሳፋሪ እየጠበቀኝ ነው፤ ሌላ የሚፈልገው ሰውም በር ላይ ቆሟል። ምን እንደሚመስል ልንገርህ፦ ሆዱ ላይ ቀለሙ ተልጧል። ጀርባው በቀበቶ ተፋፍቋል። አንዱ መቃኛ ከሌላ ጊታር የመጣ ነው።»

«እሱ የመልክ ነው። አንገቱን ንገረኝ። አንድ ዓይንህን ጨፍነህ ከጭንቅላቱ በኩል እየው፤ ጠመንጃ እንደምታነጣጥር።»

«ቀጥ ብሏል። ያንተ አንገት እንዲህ ቢሆን ምናለበት።»

«ክሩን አንገቱ ላይ ባሉት የመጀመሪያና የመጨረሻ ብረቶች ላይ ተጫነው። መሃሉ ላይ ምን ያህል ክፍተት አለው?»

ሾፌሩ ከአንድ ሰው ጋር ሲነጋገር ተሰማ። «ወረቀት ብቻ ያሳልፋል» አለ።

ይህ ጥሩ ነው። እኔ ጊታር አላውቅም፤ ጥሩ መሆኑን ያወቅሁት ማር ጣት እንከን ስላላወጣለት ነው። ሊገዛ የፈለገ ሰው መልካም ሲሰማ ፊቱ ይፈታል። የእሱ በየመልሱ እየጨለመ ሄደ።

«ጀርባውን አንኳኳው። ስልኩን አስጠጋ።»

ተንኳኳ። ድምፁ እንደ ደህና በር ሙሉ ነበር። ሌላ ቦታ ላይ ተንኳኳ፤ ያው ነው።

«እህቴ፣ ግዢለት እንጂ» አለች ደንበኛዋ፣ ዞር ማለት ስለማትችል ወደ ግድግዳው እያየች። «ለአንድ እንጨት ብለሽ የሰውየውን ጣት ሥራ አስፈታሽው። አገር ሁሉ የሚያወራውን እኔ ብናገር ምን አለበት?»

ልብስ ሰፊዋ ቀጣዩን ስፒል ሰካች።

«የሟቹ ልጅ ይመታል» አለ ሾፌሩ። «አንተ ልጅ፣ እስቲ ንካውና ጋሼ ይስማ።»

ልጁ መታው። ዝግ ያለ ነገር ነበር፤ ድሮ በየሆቴሉ ሰው ጠረጴዛውን ለቆ ለዳንስ ሲነሳ የሚመታ ዓይነት። ማር ጣት የግራ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ጣቶቹ ሳያውቀው ዜማውን መከተል ጀመሩ። ትንሿ ጣትና ጎረቤቷ ይነሳሉ፣ ይወድቃሉ። ጠቋሚውና መሃለኛው እንደተኙ ቀሩ።

ሚስቱ የምታየው ፊቱን አልነበረም። እጁን ነበር።

«አይሆንም» አለ ልጁ ሲያቆም።

«ምኑ?» አለ ሾፌሩ።

«ልጁ ጎበዝ ነው። ጎበዝ እጅ የእንጨቱን ጉድ ይሸፍናል። ሳላይ አልገዛም።»

«ጋሼ፣ ሚስት አግባ አላልኩህም እኮ። እሷንስ ቢሆን አይተህ አይደል የገባህበት?»

ደንበኛዋ አሁንም ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ የቀረውን ስፒል መዳፏ ላይ ተፋችና ተነሳች። ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«ግዛው» አለች። «ለአዲስ የስፌት መኪና ያስቀመጥኩት ገንዘብ አለ። ነገ ስትደርስ እሰጥሃለሁ።»

«አዲስ መኪናሽስ?» አለ ባሏ።

«በአሮጌው እሰፋለሁ። አንተም በአሮጌው ትመታለህ።»

«እንከን ቢኖረውስ?»

«ካለው ነገ እናየዋለን። ሰው ባለበት።»

ማር ጣት ኮቱን ይዞ ወጣ። ደንበኛዋ ቀሚሷን አውልቃ የራሷን እየለበሰች «አሁን ሰው ሆንሽ» አለች። ነገ ቀሚሱን ልትወስድ ስትመጣ እሷም እንደምትሰማው ተናግራ ሄደች።

ልብስ ሰፊዋ ወደ እኔ መጣች። ከሚተኮሱት መካከል የባሏን ነጭ ሸሚዝ መዘዘችና ሁለቱን እጅጌ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«አባባ፣ የዚህን ቁልፍ ክር እየው» አለችኝ።

የግራው እጅጌ ቁልፍ ክር ተቦጫጭቋል፤ ደጋግማ ሰፍታዋለች። የቀኙ የተሰፋ ዕለት እንደነበረው ነው። የቀኝ እጅጌ የሚቆለፈው በግራ እጅ ነው።

«አመል ነበር የመሰለኝ» አለች። «ሁልጊዜ ቀኙን ብቻ የሚጠቀልለው። ታውቅ ነበር?»

«ልብስ የሚተኩስ ሰው ያያል።»

«ታዲያ አትነግረኝም?»

«አልጠየቅሽኝም።»

ቁልፉን በአውራ ጣቷ ስታሻሽ ቆየች።

«እጄ ታሟል ቢለኝ ኖሮ» አለች፣ «በጀርባዬ አዝዬ ሐኪም ቤት እወስደው ነበር። እሱ ግን ሚስቴ ቋጣሪ ናት አለ።»

ከዚያ ሸሚዙን ሰጠችኝ። «እጅጌውን ደህና አድርገህ ተኩሰው። ቀጥ ይበል።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የባንዱ መሪ መጣ፤ እሷ ነች የጠራችው። ደንበኛዋም ቀሚሷን ልትወስድ መጥታ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሾፌሩ ጊታሩን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በትከሻው ይዞ ገባ።

«ተሳፋሪው ሁሉ አስከሬን ጫንክብን ብሎ መንገዱን ሙሉ ሲያኮርፈኝ ነው የመጣው» አለ። «እንኩ። ተነሥቶ ይዝፈን።»

ማር ጣት የተኮስኩትን ሸሚዝ ለብሷል። ሌላ ንጹሕ ሸሚዝ አላገኘም፤ ሌላውን ሁሉ ሚስቱ ጠዋት አጥባዋለች። የግራው እጅጌ ተቆልፏል። ቀኙን ሊጠቀልለው ሞክሮ ነበር፤ ስታርች አድርጌበት ስለደረቀ እየተፈታ ይወርድበታል።

መሪው ጊታሩን ተቀበለ። በአንድ ዓይኑ አንገቱን አየ። አንኳኳ። ቃኘውና ቁጭ ብሎ መታው። ክፍሉ ሞላ። የተላጠው ሆዱ ላይ እጁን አሳረፈና ራሱን ነቀነቀ።

«የት ተደብቆ ነበር ይሄ?» አለ። «ምንም አይወጣለትም። ወንድሜ፣ ቅዳሜ ይዘኸው ና። የምትፈልገው ይኸው፤ ምክንያት አለቀ።»

ማር ጣት ተቀብሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ክሩ አዲስ ይፈልጋል» አለ።

«አዲስ ነው» አለ ሾፌሩ። «ልጁ በዚህ ሳምንት ነው የቀየረው።»

«ያ ከሌላ የመጣው መቃኛ ይለቃል።»

«ይዟል» አለ መሪው። «አሁን ቃኘሁት እኮ።»

ማር ጣት ጊታሩን ገለበጠው። ጀርባውን አየ። መልሶ አዞረው። ያን ጊዜ ሚስቱ ከስፌት መኪናዋ ኋላ ሆና ተናገረች።

«የቀኝ እጅጌህ ተንጠልጥሏል። ክሩን ይነካብሃል። ቆልፈው።»

ቀና ብሎ አያት። እንደምታውቅ ያኔ ገባው።

«ግድ የለም» አለ።

«ቆልፈው። ሰው ፊት ነህ።»

የግራ እጁ በጊታሩ ላይ ተሻግሮ መጣ። በአውራ ጣቱና በቀለበት ጣቱ ቁልፉን ያዘ። አመለጠው። ደግሞ ያዘ፤ ወደ ቀዳዳው ገፋው፤ አመለጠው። ሁለቱ ጣቶች ከመሃል እንደ እንጨት ቀጥ ብለው ቁልፉን ይጋርዱበታል። ደንበኛዋ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

«ጋሼ፣ ትዳር ስትይዝ ሱሪህን ማን…» ብሎ ሾፌሩ ጀመረ። እጁን አየ። አልጨረሰውም።

ማር ጣት ጎንበስ ብሎ የእጅጌውን ጫፍ በጥርሱ ያዘ። በጥርሱ እየሳበ በአውራ ጣቱ ገፋ። ላቡ በጊታሩ ላይ ተንጠባጠበ። ቁልፉ ግማሹ ገባና ተመልሶ ወጣ። መሪው ኮፍያውን ከጉልበቱ አንስቶ ውስጡን ማየት ጀመረ።

«ቀዳዳው ጠቦ ይሆናል» አለች ደንበኛዋ። አሁን አትስቅም።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች ልብስ ሰፊዋ። «አይጠብም። እህቴ፣ ትናንት የሰውየውን ጣት ሥራ ያስፈታው ማን ነበር ያልሽው?»

ደንበኛዋ የተጠቀለለ ቀሚሷን ደረቷ ላይ ያዘች።

«ንገሪያቸው እንጂ። አገር ሁሉ የሚያወራውን ብትናገሪ ምን አለበት?»

«በቃሽ፣ እትዬ» አለ ወንድሟ።

መሪው ተነሳ። ስለ ቅዳሜ አላነሳም። «በሉ ደህና ዋሉ» ብሎ፣ ሲያልፍ የማር ጣትን ትከሻ ሊነካ እጁን ዘረጋና ሳይነካው ወጣ። ደንበኛዋ ተከተለችው። ወሬው ከእሷ ጋር ወጣ፤ እስከ ማታ ፌርማታው ይሰማል።

ማር ጣት ጊታሩን እንዳቀፈ ቀረ። ከዚያ ክንዱን ወደ ሚስቱ ዘረጋ። በዚያ ክፍል በቆየሁበት ዘመን አንድ ነገር አድርጊልኝ ሲላት አልሰማሁም ነበር።

«ቆልፊልኝ» አለ።

አየችው። እጇ ከጨርቁ ላይ ትንሽ ተነሣ። መልሳ አስቀመጠችው።

«ለምን?» አለች። «አትመታም እኮ።»

የስፌት መኪናዋን አንቀሳቀሰች።

ጊታሩ አልተሸጠም። ከስፌት መኪናው በላይ ሚስማር ምታልኝ አለችኝ፤ መታሁ። እዚያ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲህ የምትሰፋለት ሸሚዝ ሁሉ እጅጌው አጭር ነው። እሱ ያንኑ አጭር እጅጌ ለብሶ በበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ይቀመጣል። ሲሄድ ሲመጣ ሰው ማር ጣት ማለቱን ትቷል፤ ስሙን ይጠራዋል።

ሰሞኑን አዲስ ደንበኛ መጥታ ለልክ ቆማ ሳለ ቀና ብላ ጊታሩን አየችው።

«ቆንጆ ጊታር» አለች። «ማን ነው የሚመታው?»

«ባሌ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ታዲያ ምነው ተሰቀለ? ተበላሽቶ ነው?»

ልብስ ሰፊዋ አፏ ውስጥ ስፒል ይዛለች። በሜትሯ ጫፍ ወደ በሩ አመለከተች።

ሴትየዋ ዞር ብላ ጠበቀች። እሱም እጁን ጭኑ ላይ እንዳደረገ ወደ መንገዱ እያየ መለሰላት።

«የለም» አለ። «እሱስ እንከን የለበትም።»