ሄስተር ለላቭዴይ የነገረቻት

ወንጌላዊው ሳይላስ ትሪኔል ጎኑ ላይ ጥቅስ የተጻፈበትን የፈረስ ሠረገላውን እየነዳ መንደሩ የገባው በሰኔ ወር ነበር። ቄሱ ደጁን ዘጋበት፤ ባለርስቱ ጎተራውን ከለከለው። እሱ ግን ደንታም አልሰጠውም። የከብት መስኩ ላይ ሰፍሮ፣ የሠረገላው ደረጃ ላይ እየቆመ ሦስት ሳምንት ሰበከ። ሚስቱ ላቭዴይ በትንሽ ኦርጋን ታዘምራለች።

ሄስተር ፔሎ መጀመሪያ የሄደችው እንደማንኛውም ሰው ወሬ ፍለጋ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ግን እሷም፣ ጣራ በሣር የሚከድነው ባሏ ጄቤዝም ተንበረከኩ። ከዚያ ወዲህ ከወተት ቤቱ ሥራ ስትወጣ ቅቤ ቢጤ ይዛ ላቭዴይ ጋ መሄድ ለመደች። ልብስ አብረው ያጥባሉ፣ ያወራሉ። ላቭዴይ ሰው ስታዳምጥ እጇን ከውሃው አውጥታ ነው። አንድ ቀን ሄስተር ለማንም ተንፍሳው የማታውቀውን ነገረቻት።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በአጨዳ ሰሞን፣ ቀኑን ሙሉ ነዶ ስታስር ውላ ሁለት ኩባያ ቢራ ጠጣችና የአራት ወር ልጇን አቅፋ ተኛች። ስትነቃ ሕፃኑ ከሥሯ ነበር፤ ትንፋሽ የለውም። ለጄቤዝ ትኩሳት ነው አለችው። የጄቤዝ እናት ዶርካስ ደግሞ ትኩሳት የገባበት ቤት ስታስታምም ሰንብታ መምጣቷ ስለነበር፣ ጄቤዝ በሽታውን ያመጣሽብን አንቺ ነሽ ብሎ ከቤቱ አስወጣት። ከዚያ ወዲያ አናግሯት አያውቅም። ሄስተርም ዝም አለች።

ላቭዴይ አብራት አለቀሰች። ነገሩ በሁለታቸውና በጌታ መካከል እንደሚቀር እጇን ይዛ ቃል ገባችላት።

በመስከረም ወንጌላውያኑ ስምንት ማይል ርቆ ያለ መንደር ሰፈሩ ሲባል፣ ሄስተርና ጄቤዝ እሑድ ጠዋት በእግራቸው ሄዱ። ሜዳው ጢም ብሎ ሞልቷል። ሳይላስ ሲሰብክ ቆይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"አንዲት እናት አውቃለሁ" አለ። "ባሏ ጣራ የሚከድን ሰው ነው።"

ስሟን አልጠራም። ነዶውን፣ ቢራውን፣ በሐሰት የተወነጀለችውን አማት ግን አንድ ሳያስቀር ተረከው። ሴቶቹ ይንሰቀሰቁ ጀመር። ሄስተር ወደ ላቭዴይ አየች። ላቭዴይ ዓይኗን ከኦርጋኑ ሳታነሣ መዝሙሩን በቀስታ ጀመረች፤ የትኛው ቃል ላይ መግባት እንዳለባት ለምዳዋለች።

ጄቤዝ ባርኔጣውን ደፍቶ ከሰዉ መሃል ወጣ።

ሄስተር ላቭዴይን ከሠረገላው ጀርባ አገኘቻት።

"ነገርሽው" አለቻት።

"ባሌ አይደል እንዴ? ከሱ ምን እደብቃለሁ? ደግሞ ስምሽን አላነሣም። ስንት ሰው እንደተንበረከከ አላየሽም? ሐዘንሽ እኮ ፍሬ አፈራ።"

"ይሄ ስንተኛ መንደር ነው?"

ላቭዴይ የመዝሙር ወረቀቶቿን ማጠፍ ጀመረች።

"እኔ የነገርኩት ላንቺ ነበር" አለች ሄስተር። ላቭዴይ እጇን ስትዘረጋላት ወደ ኋላ ሸሸች።

መንገዱን ሁሉ ጄቤዝ ሃያ እርምጃ ቀድሟት ሄደ። ቤት ሊደርሱ ሲሉ ወደ እናቱ ጎጆ ታጠፈ። በማግሥቱ ሳጥኗን ተሸክሞ ዶርካስን ይዟት መጣ። ሄስተርን አልሰደባትም፣ እጁንም አላነሣባትም። እናቱ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ እንደምትኖር ብቻ ነግሯት ወደ ሥራው ሄደ።

ሄስተር ዶርካስ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል አሮጊቷ ክንዷን ይዛ አስቆመቻት።

"ተዪ ልጄ። ያን ቀን የሕፃኑን ገላ ያጠብኩት እኔ አይደለሁም? ትኩሳት እንዳልነበር ያኔውኑ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

"እኔን ቢጠላኝ እናቱ ነኝ። አንቺን ቢጠላሽ የት ትገቢያለሽ?"

ሄስተር የዚያን ዕለት ያለቀሰችውን ያህል ልጇ ሲሞትም አላለቀሰችም።

ጄቤዝ የብርዱን ወራት ሙሉ ከእሳትና ከዳቦ በቀር የሚያነጋግራት ነገር አልነበረውም። በጸደይ አንዳንዴ ስሟን ይጠራት ጀመር። በሰኔ ሠረገላው ተመልሶ መጣና ላቭዴይ በሩን አንኳኳች። ሄስተር ድምፅዋን ስትሰማ እጇ ሊጥ እንደነካ ደርቃ ቀረች። የከፈተችው ዶርካስ ናት።

"የለችም" አለቻትና በሩን መልሳ ዘጋችው።