ሳሊም ያነሳው ድንጋይ

ከዓረብ አገር፣ ከቤት ሠራተኛነት ስመለስ ሻንጣዬን የከፈተችው እናቴ ነበረች። ለእሷ ሻርፕና ሽቶ፣ ለጎረቤት ቴምር አገኘች፤ ከሥር ደግሞ በፎጣ የተጠቀለለ፣ ጎደሬ የሚያክል ጥቁር ድንጋይ። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሚዛን ከተማ ድንጋይ ጠፍቶ ነው?" አለችኝ። እውነቱን ብነግራት እንቅልፍ አይወስዳትም። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዋጥኩት።

እናቴ ውድነሽ ግን ያልተነገራትን ራሷ የምትሞላ ሴት ናት። ውላ አድራ ድንጋዩ የጥንቆላ ነው ብላ ደመደመች። የሰፈራችን የጸሎት ቡድን ተጠራ። ድንጋዩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ዘይት ተቀባ፤ "በኢየሱስ ስም ውጣ!" ተባለ። ምንም አልወጣም። መሪው ወንድም ሙሴ ላባቸውን ጠርገው "ውድነሽ፣ ይሄ እኮ ድንጋይ ነው" ብለው ሄዱ። እሷ እቴ! "ወንዝ ጣዪው!" አለች። "እሱ ከተጣለ እኔም ከዚህ ቤት እወጣለሁ" አልኳት። የምሬን ነበር። በመጨረሻ ተስማማን፦ ድንጋዩ ግቢ ወጥቶ፣ የሚደርቀውን ቡና የምንሸፍንበትን ላስቲክ ነፋስ እንዳይወስደው መጫኛ ሆነ።

አልአዛር ያየው እዚያ ነው። የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ቴፒ ካምፓስ ጂኦሎጂ ያስተምራል። ለበዓል መጥቶ ሳለ ዝናብ ሲያካፋ ቡናውን ሊያለብስልን ሮጦ ገባ፤ ከዚያ ላስቲኩን ረስቶ ድንጋዩን ያገላብጥ ጀመር። ቡናችን ራሰ። "ሮዲ፣ ይሄ ከሰማይ የወደቀ ይመስለኛል" አለኝ። ለምርመራ ጫፉን ቆርጦ ሲወስድ ዘይት መቀባቱን ነገርኩት።

"የምን ዘይት?"

"የጸሎት።"

ራሱን ይዞ ሄደ።

መልሱ ከውጭ አገር እስኪመጣ ክረምቱ አለፈ። ይዞት ሲመጣ እናቴ ጎደሬ እየላጠች ነበር። "እማማ ውድነሽ፣ ድንጋዩ ከጨረቃ ነው የመጣው።" ጨረቃን አንድ ትልቅ አለት መትቷት የተፈናጠረ ስባሪ መሆኑን፣ በረሃ ወድቆ ደረቁ አሸዋ እንዳቆየው አስረዳን። እናቴ ቢላዋውን አስቀመጠች። "ታዲያ ጨረቃንስ የፈጠረው ማን ሆነና!" አለች፤ የጥንቆላው ነገር በዚሁ ቀረ።

አልአዛር ተማሪዎቹ እንዲያዩት ካምፓስ ሊያስቀምጠው ፈለገ። "እንዴት እንዳገኘሽው ብቻ ንገሪኝ" አለ። እናቴ ፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። ማምለጫ አልነበረኝም።

ነገርኳቸው። አሠሪዎቼ በረሃ ድንኳን ተክለው ሲዝናኑ እኔ ጭራሮ ስለቅም መመለሻው ጠፋኝ። ወዲያ ብል ወዲህ ብል ያው አሸዋ ነው። የተለየ ነገር ቢኖር ያ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። ከእሱም ከራቅኩ ጨርሼ የምጠፋ መሰለኝና አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ገባች፣ ደግማ ወጣች። እማዬ፣ እማዬ እያልኩ ስጣራ ድምፄም ተዘጋ። አንድ ግመል ጠባቂ አገኘኝ። የጥምጣሙን ጫፍ ውሃ እያስነካ ከንፈሬን አረጠበልኝ፤ ቀስ እያለ አጠጣኝ። ሊወስደኝ ሲል ድንጋዩን አልለቅም አልኩ። ሳቀብኝ፤ ግን አንስቶ ግመሉ ላይ ጫነልኝ። ስሙን ሳሊም አለኝ። አሠሪዎቼ ጋ አድርሶኝ ሲሄድ ላመሰግነው አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉን በቋንቋው አውቀው ነበር፣ ጉሮሮዬ ደርቆ አልወጣ አለኝ። ዳግም አላየሁትም። ድንጋዩን መጣል ያቃተኝ ለዚህ ነው፤ ምስጋናው አሁንም ውስጤ ነው።

እናቴ አላለቀሰችም። ድንጋዩን አስመጥታ ጭቃውን በቀሚሷ ጠረገችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። "ወንዝ ጣዪው አልኩሽ" አለች።

"አላወቅሽማ፣ እማዬ።"

ወደ አልአዛር ዞረች። "ውሰደው፣ ልጄ። ማን አነሳው ቢሉህ ግን ሳሊም በል። ድንጋዩንም ልጄንም ያነሳ እሱ ነው።"

እሑድ ቸርች የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ልነሳ ስል ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። ራሷ ተነሳች። መድረኩ ድረስ እንኳ አልሄደችም፤ በቆመችበት ዓይኗን ጨፈነች።

"ጌታ ሆይ፣ ሳሊም የሚባል ሰው አለህ። ግመል ይጠብቃል። እናቱን እኔ አላውቃትም፤ አንተ ታውቃታለህ። ልጄን አጠጥቶልኛልና ውሃ አይጥፋበት።"

ጉባኤው በሙሉ አሜን አለ። እኔም ያኔ በረሃ ከጉሮሮዬ አልወጣ ያለኝን ምስጋና፣ ጮክ ብዬ አሜን ስል አወጣሁት።