የመጀመሪያዋ ነጥብ እስክትገባ

ያን ቅዳሜ ከሰዓት በረዶው ያለ ነፋስ ይወርድ ነበር። ከአዳራሹ ውስጥ ሆኖ ከፍ ብለው ባሉት መስኮቶች ትኩር ብሎ ላየው፣ በረዶው የቆመ፣ አዳራሹ ግን ከነሰዉ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚነሳ ይመስላል።

እኔ፣ ወንድሜ ሌላንድና ልጁ ዶሪን ከሜዳው ግራ ጥግ በላይ ባሉት፣ በየዓመቱ በምንይዛቸው ወንበሮቻችን ፊት ቆመናል። በእኛ ኮሌጅ፣ የቅርጫት ኳስ ቡድናችን የመጀመሪያዋን ነጥብ እስኪያስቆጥር የሚቀመጥ ደጋፊ የለም። አባታችንም እንዲሁ ቆሞ ያጨበጭብ ነበር። ነጥቧ ስትገባ አዳራሹ በአንድ ጊዜ ቁጭ ይላል፤ ጉልበታችን ከእኛ ቀድሞ ያውቃታል።

ያን ቀን ግን ብዙው ሰው የመጣው ኬንድል ፕሩትን ሊሰድብ ነው። ኬንድል ሦስት ዓመት በቀዩ ማልያችን ተጫውቶ ወደ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ፤ አሁን አረንጓዴ ለብሶ ሊገጥመን መጥቷል። ሌላንድ እንደ ልጁ ነበር የሚያየው። ቤተሰብ በሚሰበሰብበት በምስጋና ቀን ብቻውን እንዳይውል ቤቱ ጠርቶ ከገበታው አስቀምጦታል። መሄዱን የሰማው ግን እንደማንኛውም ሰው ስልክ ላይ አንብቦ ነው። ብርዱ ከገባ ጀምሮ፣ ያ ከሃዲ በግራው ጥግ ከሥሬ ሲመጣ ፊቱን እያየሁ ነው የምጮህበት ሲል ከረመ።

ዶሪን ይህን በሰማች ቁጥር ተነስታ ንጹሑን ሳህን ታጥባለች። ምክንያቱን የነገረችኝ ወደ አዳራሹ ስንመጣ መኪና ውስጥ ነው። ኦሪገን የሚባል ሩቅ ግዛት ያለ ሆስፒታል በነርስነት ቀጥሯታል፤ ለአባቷ አልነገረችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

“አክስቴ፣ ኳስ ሊጫወት የሄደውን ከሃዲ ካለ፣ እኔን ምን ሊለኝ ነው?” አለችኝ።

አባቴ ዛሬ ኬንድል ላይ ከጮኸ ሥራውን እተወዋለሁ አለች። ስትናገር ዓይኗ ከመንገዱ አልተነሳም።

ከኋላችን በርል ቆሟል፤ የዶሪንን ወንበር ሲመኝ የኖረ ጎማ ነጋዴ ነው። ኬንድል ሲገባ ጩኸቱ ጣራውን አንቀጠቀጠው።

“አምና ቀይ፣ ዘንድሮ አረንጓዴ” አለ በርል። “ከርሞ ቢጫ ከለበሰ መስቀለኛው መንገድ ላይ ተክለነው መኪና ያስተናብርልናል።”

ሰዉ ሳቀ። ሌላንድ አልሳቀም። የእሱን ጩኸት ለጥጉ አስቀምጦታል።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ኳሷ ግን አልገባ አለች። የእኛም የእነሱም ከቅርጫቱ ብረት እየነጠረች ትመለሳለች። እኛ ቆመን እናጨበጭባለን። ጭብጨባው ሲቆይ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ሆነ፤ የራሴን እጅ ከሌላው መለየት አቃተኝ። የአዳራሹ ሙቀት፣ የፈንዲሻው ሽታ፣ በመስኮቱ የሚያልፈው ነጭ ነገር ዓይን ያስከድናል። ዓመተ ምሕረቱን ቢጠይቁኝ ወዲያው ባልመለስኩ።

በዚህ መሃል ኬንድል ኳሷን ተቀብሎ ከሥራችን፣ ግራው ጥግ ላይ ቆመ። የድሮ ቦታው ነው። እንደ ድሮው ቀኝ ተረከዙን ከፍ አድርጎ ወረወረ። እኔ ያየሁት ተረከዙን ነው፤ የማልያው ቀለም አልታየኝም። ኳሷ አየር ላይ ቆየች።

መረቡ ሹክ አለ። ሌላንድ ተቀመጠ። ከእሱ ጋር የእኛ ረድፍ፣ ከዚያም ነፋስ እንዳጎነበሰው የበቆሎ ማሳ መላው አዳራሽ ቁጭ አለ።

ጭብጨባው ተቋረጠ። ቀይ የለበሰ ሕዝብ ለአረንጓዴ ነጥብ ተቀምጧል። ኬንድል ወደ ራሱ ሜዳ እየተመለሰ ቀና ብሎ አየንና ማልያውን ስቦ አፉን ሸፈነ። እየሳቀ ይሁን ሌላ ነገር፣ እኛ ካለንበት አይለይም።

“ለማን ነው የተቀመጥነው?” አለ በርል።

ሰዉ እየሳቀም እያፈረም መልሶ ተነሳ፤ ቡድናችን ገና አላስቆጠረምና። ሌላንድ ብቻ አልተነሳም። በርል ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ ሽማግሌው፣ ተነስ እንጂ አለው።

“ጉልበቴ መዛወሩን አልሰማም” አለ ሌላንድ።

ዶሪን ለጥቂት ጊዜ አየችው። ከዚያ አጠገቡ ተቀመጠች። በቆመው ሰው መሃል ሁለቱ ቀይ ደን ሥር የተቀመጡ ይመስላሉ፤ ሜዳው አይታያቸውም። ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ ነገረችው። ጉልበቱን ሲያሽ የነበረው እጁ ኦሪገን ስትል ቆመ። እዚያ በረዶ አለ ወይ ብሎ ጠየቃት። አብዛኛው ዝናብ ነው አለችው።

“እሱ ሳይነግረኝ ሄደ” አለ ጉልበቱን መልሶ እያሸ። “አንቺ ነገርሽኝ።” ቀጥሎም ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ “እስክትመጪ ወንበርሽን ለበርል አልሰጥም።”

“ሰምቻለሁ” አለ በርል ከላይ።

በዚያው ቅጽበት የእኛ ልጆች በቀኝ በኩል አስቆጠሩ። ሕዝቡ ተቀመጠ፤ ደኑ ወረደ፤ ብርሃኑም ሁለቱ ላይ መጣ። አሁን ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው፣ ማን ነው ያገባው ብለው ጠየቁኝ።